ካቶሊኮች በትምህርትና በሥርዓት በእርግጥ አንድ ናቸው ወይ?

መምህርት ከጅማ (ጠያቂ)፦

ሰላም ለሁላችሁ። ጅማ ከተማ በሚገኝ አንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት አስተምራለሁ፤ ተወልጄ ያደግሁትም በወንጌላውያን ቤተሰብ ውስጥ ነው። የማቀርበው ጥያቄ ማንንም ለመርታት የታሰበ አይደለም። ብዙ ጊዜ ስለከነከነኝ ከሚያውቁ ሰዎች ለመስማት ፈልጌ ነው።

በመምህራን ማረፊያ ክፍላችን ከሰዓት በኋላ ቡና ስንጠጣ የሃይማኖት ነገር መነሣቱ የተለመደ ነው። ሙስሊሙም፣ ኦርቶዶክሱም፣ ጴንጤውም በአንድ ረከቦት ዙሪያ ስለሚቀመጥ ሁሉም በመከባበር ይናገራል። ከመካከላችን ካቶሊክ የሆኑት አንድ ሰው ብቻ ናቸው፤ በዕድሜ ስለሚበልጡኝ «ጋሼ» ነው የምላቸው። ጋሼ አንድ ቀን፣ «እናንተ ሁለት ሰዎች ባልተስማሙ ቁጥር አንድ አዲስ ቤተ ክርስቲያን ትከፍታላችሁ፤ እኛ ግን ከሮም እስከ ጅማ በትምህርትም በሥርዓትም አንድ ነን» አሉኝ። በከተማችን በቅርብ ዓመታት የተከፈቱትን የጸሎት ቤቶች በልቤ ስቆጥር ንግግራቸው እውነት ስለመሰለኝ መልስ አጥቼ ዝም አልሁ።

ዝም ብልም ነገሩ አልተዋጠልኝም። ባለፈው ዓመት የአክስቴ ልጅ አንድ ካቶሊክ አግብታ ለሠርጓ አዲስ አበባ ሄጄ ነበር። ቤተ ክርስቲያኑ በር ላይ ጫማ አወለቅን፤ ቅዳሴው በግዕዝና በአማርኛ እየተፈራረቀ ይዜማል፣ ከበሮና ጸናጽል ይሰማል፣ መጋረጃም አለ። ዓይኔን ጨፍኜ ባዳምጥ ኦርቶዶክስ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ የቆምሁ ይመስለኝ ነበር። ከጥቂት ወራት በኋላ ደግሞ የጋሼ እናት ዐርፈው እዚሁ ጅማ ለጸሎተ ፍትሐት ስንሄድ ሁሉም ሰው ጫማውን እንዳደረገ ገባ፤ መንበርከኪያ የተሠራላቸው አግዳሚ ወንበሮች ተደርድረዋል፤ ካህኑ ፊታቸውን ወደ ሕዝቡ አድርገው በአማርኛ ይቀድሳሉ፤ መዝሙሩ ከፊሉ በአፋን ኦሮሞ ነበር። አዲስ አበባ ላይ ሥጋውንም ደሙንም ሲያቀብሉ አይቼ ነበር፤ ጅማ ላይ ግን ሕዝቡ ስስ ነጭ ኅብስት ብቻ ተቀበለ።

በዚህ ላይ በአውሮፓ ያሉ አንዳንድ የካቶሊክ ጳጳሳት የሚሉትና የአፍሪካ ጳጳሳት የሚሉት እንደማይገናኝ በዜና እንሰማለን። ታዲያ ጋሼ አንድ ነን ሲሉ ምን ማለታቸው ነው? አንዱ በግዕዝ ሌላው በላቲን ሥርዓት የሚቀድስ፣ አንዱ ያገባ ካህን የሚሾም ሌላው የማይሾም፣ አንዱ አጥባቂ ሌላው ለዘብተኛ ከሆነ፣ አንድነቱ በስምና በአስተዳደር ብቻ ነው ማለት አይቻልም ወይ?


የእምድብር ልጅ፦

የተከበሩ እህቴ፣ ጥያቄዎን በጨዋ አንደበት ስላቀረቡ አመሰግንዎታለሁ። የተወለድሁት ጉራጌ አገር፣ እምድብር አካባቢ ነው፤ ለሥራ ወደ ጅማ ከመጣሁ ስምንት ዓመት አልፎኛል፤ በቁምስናችንም፣ ማለትም በአጥቢያችን ቤተ ክርስቲያን፣ ልጆችን ትምህርተ ክርስቶስ አስተምራለሁ። የጋሼን ንግግር ግማሹን እቀበላለሁ፤ «በሥርዓትም አንድ ነን» ያሉት ግን ትክክል አይደለም፤ ቤተ ክርስቲያናችንም እንደዚያ ብላ አታስተምርም።

የካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን የምትባለው ከሮም ሊቀ ጳጳስ ጋር አንድነት ያላቸው የ24 አብያተ ክርስቲያናት ኅብረት ናት። አንደኛዋ የላቲን ቤተ ክርስቲያን ስትሆን ሃያ ሦስቱ ምሥራቃውያን ናቸው፤ የዩክሬን፣ የማሮናውያን፣ የከለዳውያን፣ የቅብጥ፣ የሕንድ፣ የኛዋ የኢትዮጵያ፣ እንዲሁም እ.ኤ.አ. በ2015 ከኛዋ ተለይታ ራሷን የቻለችው የኤርትራ ቤተ ክርስቲያን ከነዚህ ውስጥ ይቆጠራሉ። የሕግ መጽሐፋቸው እንኳ አንድ አይደለም፤ የላቲኑ እ.ኤ.አ. በ1983፣ የምሥራቃውያኑ በ1990 ታውጇል። በሀገራችን ውስጥ አዲስ አበባ፣ ዓዲግራት፣ እምድብርና ባሕር ዳር ደሴ በግዕዝ ሥርዓት የሚተዳደሩ አህጉረ ስብከት ሲሆኑ፣ ነቀምቴ፣ ሆሳዕና፣ ሶዶ፣ ሐዋሳ፣ መቂ፣ ሐረር፣ ጋምቤላና የኛው ጅማ ቦንጋ በላቲን ሥርዓት ይቆጠራሉ። ስለዚህ አዲስ አበባና ጅማ ላይ ያዩት ልዩነት የታወቀና የተፈቀደ ነው። የሁለቱም ሥርዓት ጳጳሳት ግን በአንድ ጉባኤ ተቀምጠው ይመክራሉ።

ነገሩ በቤቴ እንዴት እንደሚታይ ልንገርዎት። የበኩር ልጄ የተጠመቀው እምድብር ነው፤ በግዕዙ ሥርዓት መሠረት በጥምቀቱ ዕለት ሜሮንም ተቀብቷል። ታናሽ እኅቱ ጅማ ተወልዳ በላቲን ካህን ስለተጠመቀች ሜሮን አልተቀባችም፤ ዕድሜዋ ደርሶ፣ ተምራ፣ ጳጳሱ ሲመጡ ትቀበላለች። ባለፈው ዓመት ለምሥጢረ ሜሮን የሚዘጋጁ ልጆችን ስመዘግብ የበኩር ልጄ ስሙን ጽፎ አመጣልኝ። «አንተ ተቀብተሃል፣ ይህ ምሥጢር አይደገምም» ስለው፣ «መቼ? እኔ አላስታውስም» ብሎ አኮረፈ። እናቱ የጥምቀቱን ፎቶግራፍ አውጥታ፣ ካህኑ በአውራ ጣታቸው ግንባሩን ሲቀቡ እስክታሳየው ድረስ አላመነም ነበር። ሁለቱም ልጆች አንድ ምሥጢር ነው የሚቀበሉት፤ የሚለያየው ጊዜውና ሰጪው ነው። ደግሞም ልጅቷ በላቲን ቁምስና ብትጠመቅም በሕጉ የምትቆጠረው በአባቷ ቤተ ክርስቲያን፣ ማለትም በግዕዙ ነው፤ ይህን ብዙ ምእመናን አያውቁትም።

ስለ ቁርባኑ የጠየቁት ደግሞ እንዲህ ነው። ክርስቶስ በኅብስቱ ብቻም ሆነ በወይኑ ብቻ ሙሉ ሆኖ እንዳለ ቤተ ክርስቲያን ስለምታስተምር፣ ከሁለት አንዱን የተቀበለ ሰው የጎደለበት ነገር የለም። የጅማው ካቶሊክ አዲስ አበባ ሄዶ ይቆርባል፤ የእምድብሩም እዚህ መጥቶ ይቆርባል፤ ማንም «ከየትኛው ሥርዓት ነህ?» ብሎ አይጠይቀውም። ስለ ካህናት ጋብቻም ቢሆን፣ በምሥራቃውያን ዘንድ ያገባ ሰው ካህን ሊሆን እንደሚችል የራሳቸው ሕግ ያከብራል፤ የላቲን ቤተ ክርስቲያን ደግሞ በመደበኛነት ድንግልናን የመረጡትን ብቻ ትሾማለች። ይህ ቤተ ክርስቲያን የምትሠራው ደንብ እንጂ የእምነት አንቀጽ አይደለም።

ታዲያ አንድ የሚያደርገን ምንድን ነው ቢሉኝ፣ አንዱ ጸሎተ ሃይማኖት፣ ሰባቱ ምሥጢራትና ከጴጥሮስ መንበር፣ ማለትም ከሮም ሊቀ ጳጳስ፣ ጋር ያለን ኅብረት ነው። ይህ የመጨረሻው በየቅዳሴው ይሰማል። አዲስ አበባ ላይ በዜማ፣ ጅማ ላይ በንባብ፣ የርዕሰ ሊቃነ ጳጳሳቱ የሊዮ 14ኛ ስም፣ ቀጥሎም የአካባቢው ጳጳስ ስም ይጠራል። የዚያ ስም መጠራት ትንሽ ነገር ሊመስል ይችላል፤ ለእኛ ግን መለያችን ነው።

በዚህ በኛ አካባቢ የታሪክ ምስክርም አለ። አቡነ ማስያስ የተባሉት ካፑቺን ከሚባለው የመነኮሳት ማኅበር የሆኑ ጣሊያናዊ ሚሲዮናዊ በእናርያ፣ በጌራና በከፋ የሰበኩት በላቲን ሥርዓት ነበር። እኚሁ ሰው ናቸው እ.ኤ.አ. በ1849 ምጽዋ ላይ ቅዱስ ዩስጢኖስ ደ ያቆቢስን፣ ማለትም አቡነ ያዕቆብን፣ በጵጵስና የሾሙት። አቡነ ያዕቆብ ደግሞ የሀገሩን ጾም ጾመው፣ የግዕዙን ሥርዓት ይዘው በሰሜን ኢትዮጵያ ያገለገሉ አባት ናቸው። ጅማ የላቲን፣ ዓዲግራት የግዕዝ የሆኑበት ታሪክ ከነዚህ ሁለት ሰዎች ይጀምራል ብል ብዙም አልሳሳትም፤ አንዱ በሌላው ራስ ላይ እጁን ጭኗል።


የሕግ ተማሪ፣ ጅማ ዩኒቨርሲቲ፦

ከላይ የተሰጠው ማብራሪያ ብዙ ነገር አስተምሮኛል፤ የልጆቹ ታሪክም ነገሩን በግልጽ አሳይቶኛል። ሆኖም እንደ አንድ ወንጌላዊ አማኝ የምቃወመው ነገር አለ። ወንድማችን የመለሱልን የጥያቄውን ቀላሉን ክፍል ይመስለኛል። የቅዳሴ ቋንቋና የሜሮን ጊዜ መለያየቱ ማንንም አያስጨንቅም፤ የሚያስጨንቀው የትምህርቱ ልዩነት ነው።

ሦስት ነገሮችን አነሣለሁ። ርዕሰ ሊቃነ ጳጳሳት ጳውሎስ 6ኛ እ.ኤ.አ. በ1968 ሁማኔ ቪቴ በተባለው መልእክታቸው ሰው ሠራሽ የወሊድ መከላከያን ሲከለክሉ፣ በዚያው ዓመት የካናዳ ጳጳሳት ባወጡት መግለጫ ከልቡ ጥሮ መቀበል ላቃተው ምእመን የኅሊና መንገድ ከፍተዋል። ፒው የተባለው የጥናት ተቋም እ.ኤ.አ. በ2019 ይፋ ባደረገው ውጤት ደግሞ፣ ከአሜሪካ ካቶሊኮች መካከል ኅብስቱና ወይኑ በእርግጥ የክርስቶስ ሥጋና ደም ይሆናል ብሎ የሚያምነው ከሦስት አንዱ ያህል ብቻ ነው። ይህ ትምህርት ወንድማችን «አንድ የሚያደርገን» ብለው ከጠሯቸው ሰባት ምሥጢራት ዋነኛው ነው እኮ! በመጨረሻም በዲሴምበር 2023 ከቫቲካን ፊዱቺያ ሱፕሊካንስ የተባለው ሰነድ ወጥቶ የተመሳሳይ ጾታ ጥንዶችን ከሥርዓተ አምልኮ ውጭ መባረክ ይቻላል ሲል፣ ሳምንታት ሳይቆይ በጃንዋሪ 11፣ 2024 የአፍሪካና የማዳጋስካር ጳጳሳት ጉባኤዎች ኅብረት ሊቀመንበር ካርዲናል ፍሪዶሊን አምቦንጎ በፈረሙት መልእክት ይህ ቡራኬ በአፍሪካ እንደማይፈጸም አሳወቁ። በጀርመን የሚፈጸም፣ በካርዲናሉ ከተማ በኪንሻሳ የሚከለከል ነገር አንድ ትምህርት ነው ለማለት እቸገራለሁ።

የኛን ጉድለት አልሸሽግም። መካነ ኢየሱስ ሕፃናትን ታጠምቃለች፤ ቃለ ሕይወትና ሙሉ ወንጌል ያመነን ሰው ብቻ ያጠምቃሉ። ሆኖም በአንድ ኅብረት ውስጥ ተቀምጠው እርስ በርሳቸው ወንድም ይባባላሉ፤ ልዩነታቸው በይፋ የተጻፈና የታወቀ ነው። በካቶሊኮች ዘንድ ልዩነቱ የሚኖረው በአንድ ጣሪያ ሥር ነው፤ ጣሪያው አንድ ስለሆነም ልዩነት የሌለ ይመስላል። ጋሼን ባገኛቸው የምጠይቃቸው ይህንን ነው፦ በወረቀት ላይ አንድ የሆነ፣ በሕዝቡ ልብ ውስጥ ግን የተለያየ እምነት፣ አንድ እምነት ሊባል ይችላል ወይ?


ዲያቆን ከጅሬን፦

እኔ የኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ልጅ ነኝ፤ በዚህ ውይይት ውስጥ ወገን የለኝም ብል ግን እዋሻለሁ። በሃይማኖት ከካቶሊኮች የሚለየን ነገር አለ፤ የሮም ሊቀ ጳጳስ በሁሉም ላይ ሥልጣን አለው፣ በእምነትና በግብረ ገብ ጉዳይ ከመንበሩ ሆኖ ሲወስን አይሳሳትም የሚለውን እ.ኤ.አ. የ1870 የቫቲካን ጉባኤ ውሳኔ አንቀበልም። በጸሎተ ሃይማኖት ላይ የጨመሩትን፣ መንፈስ ቅዱስ ከአብ ብቻ ሳይሆን ከወልድም ይሠርጻል የሚያሰኘውን «ወወልድ» የሚለውን ቃልም እንዲሁ። ከዚህ ቀደም ብለው የእምድብሩ ወንድሜ በጻፉት ላይ ግን አንድ ሐሳብ ልጨምር፤ የሥርዓት ልዩነት ቀላል ነገር ነው የሚለውን ሰው ታሪካችን ይቃወመዋልና።

ዐፄ ሱስንዮስ እ.ኤ.አ. በ1622 የካቶሊክ እምነትን ሲቀበሉ፣ በዘመኑ የነበሩት ኢየሱሳዊ (ጀስዊት የሚባለው የካቶሊክ ማኅበር ካህን) አባ ፔድሮ ፓኤዝ የሀገሩን ቋንቋና ልማድ አጥንተው በትዕግሥት የሚያስተምሩ ሰው ነበሩ። እሳቸው በዚያው ዓመት ዐረፉ። በ1625 ፓትርያርክ ሆነው የመጡት አልፎንሱ ሜንዴዝ ግን ካህናቱ ዳግመኛ እንዲሾሙ፣ ሕዝቡ ዳግመኛ እንዲጠመቅ፣ ቅዳሴውም ጾሙም በዓሉም ወደ ሮም ልማድ እንዲለወጥ አስገደዱ። ለእርሳቸው አንድነት ማለት አንድ ዓይነት መሆን ነበር። ገበሬው ስለ ክርስቶስ ባሕርይ የተጻፈውን የኬልቄዶን ጉባኤ ቀመር ላያውቅ ይችላል፤ የረቡዕና የዓርብ ጾሙን፣ የአባቱን ታቦትና የልጁን ግዝረት ግን ያውቃል። ደሙን ያፈሰሰውም ለነዚህ ነው። ከብዙ እልቂት በኋላ በ1632 ንጉሡ ራሳቸው ለልጃቸው ዙፋኑን ለቀው፣ ሕዝቡም «ፋሲል ይንገሥ፣ ሃይማኖት ይመለስ» አለ። ዛሬ ካቶሊኮች በግዕዝ ሲቀድሱ፣ ጾማችንንም ሲጾሙ ሳይ ደስ ይለኛል፤ ነገር ግን አንድነት አንድ ዓይነት መሆን እንዳልሆነ ለመማር ምን ያህል ዋጋ እንደተከፈለ መርሳት የለብንም።

የሕግ ተማሪው ላነሣው ጥያቄ ደግሞ ከኛው ቤት አንድ ነገር ልናገር። የኛ ቤተ ክርስቲያን ሲኖዶስ ለሁለት ተከፍሎ፣ አንዱ በሀገር ቤት ሌላው በስደት፣ ከሃያ አምስት ዓመት በላይ ቆይቶ እ.ኤ.አ. በ2018 ታርቋል። በእነዚያ ሁሉ ዓመታት በዶግማ አንድም ልዩነት አልነበረንም፤ አንድ ሃይማኖት፣ አንድ ቅዳሴ፣ አንድ ጾም ይዘን ሳለ አንዱ የሌላውን ፓትርያርክ ስም በቅዳሴ አይጠራም ነበር። እናቴ በውጭ አገር የምትኖር እኅቷ ስትሞት፣ የተቀበረችው «በነዚያኛዎቹ» ቤተ ክርስቲያን ነው ተብሎ ተዝካሯን እዚህ ለማስደረግ ስትቸገር አይቻለሁ። በትምህርት አንድ ሆኖ በማዕድ መለየት እንዳለ ከዚያ ተምሬአለሁ። ካቶሊኮች ተቃራኒውን የያዙ ይመስለኛል፤ በማዕድ አንድ ሆነው በአስተሳሰብ ይለያያሉ። ከሁለቱ የትኛው እንደሚብስ በእርግጠኝነት መናገር አልችልም፤ የኛ ቁስል ግን ገና ስላልጠገገ በሌላው ቤት ክፍፍል ለመፍረድ አልቸኩልም።

ደግሞም የትምህርት ልዩነት በአንድ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ለረጅም ጊዜ መኖሩ እንግዳ ነገር አይደለም። ስለ ክርስቶስ ባሕርይ የተነሡት ቅባትና ጸጋ የሚባሉት ትምህርቶች ከተዋሕዶ ጋር ከሁለት መቶ ዓመት በላይ ሲከራከሩ ቆይተው ነው ዐፄ ዮሐንስ 4ኛ እ.ኤ.አ. በ1878 ቦሩ ሜዳ ላይ ጉባኤ ጠርተው ያስወሰኑት።


የእምድብር ልጅ፦

ዲያቆን ወንድሜ፣ ስለ ሜንዴዝ የጻፉትን ያለ አንዳች ማስተባበያ እቀበላለሁ። ያ ዘመን ለኛም የሐፍረት ዘመን ነው። ሁለተኛው የቫቲካን ጉባኤ በኖቬምበር 21፣ 1964 ስለ ምሥራቃውያን አብያተ ክርስቲያናት ባወጣው ድንጋጌ የየራሳቸውን ሥርዓት እንዲጠብቁ፣ የለቀቁትም ወደ ቀደመው እንዲመለሱ ሲያዝ፣ የእምድብር ሽማግሌዎች ከዚያ በፊት የሚያውቁትን ነው የጻፈው ማለት ይቻላል። «ወወልድ» ስለሚለው ቃልም፣ ምሥራቃውያን ካቶሊኮች ጸሎተ ሃይማኖትን ያለ እርሱ እንዲጸልዩ ይፈቀድላቸዋል፤ ዶሚኑስ ኢየሱስ የተባለው እ.ኤ.አ. የ2000 የቫቲካን ሰነድም ጸሎተ ሃይማኖቱን የጠቀሰው ያለዚያ ቃል ነው። ትምህርቱን ትተነዋል ማለቴ አይደለም፤ ቃሉን በግድ የማስገባት ዘመን ማለፉን ለመግለጽ ያህል ነው። ርዕሰ ሊቃነ ጳጳሳት ጳውሎስ 6ኛና የእስክንድርያው ፓትርያርክ ሺኖዳ 3ኛ በሜይ 10፣ 1973 ስለ ክርስቶስ ፍጹም አምላክነትና ፍጹም ሰውነት በአንድ ቃል የፈረሙትን የጋራ መግለጫም ማስታወስ ደስ ይለኛል።

ወደ ሕግ ተማሪው ጥያቄ ልመለስ፤ ከባድ ጥያቄ ነውና ሁለት ቀን አስቤበታለሁ።

በመጀመሪያ፣ በመካከላችን ያለው ልዩነት ሁሉ አንድ ሚዛን ላይ የሚቀመጥ አይደለም። እ.ኤ.አ. ከ1598 ጀምሮ ዶሚኒካውያንና ኢየሱሳውያን የተባሉት ሁለት የካቶሊክ ማኅበራት የእግዚአብሔር ጸጋና የሰው ነጻ ፈቃድ እንዴት እንደሚገናኙ በሮም ተከራከሩ። ርዕሰ ሊቃነ ጳጳሳት ጳውሎስ 5ኛ በ1607 ክርክሩን ዘጉት፤ ሲዘጉት ግን ማንም አሸናፊ ሳይባል፣ አንዱ ሌላውን መናፍቅ እንዳይል ብቻ አዘዙ። እስከ ዛሬም አልተወሰነም። ቤተ ክርስቲያን ባልወሰነችው ነገር ላይ መለያየት አንድነታችንን አይነካም። የደንብ ጠብም አለ፣ እርሱም መራራ ሊሆን ይችላል። በሕንድ፣ በኬረላ፣ የሲሮ ማላባር ካቶሊኮች ካህኑ በቅዳሴ ጊዜ ወደ ሕዝቡ ይዙር ወይስ ወደ መሠዊያው በሚለው ነገር ሲጣሉ የኤርናኩላም ካቴድራላቸው እስኪዘጋ ድረስ ደርሰዋል። እንዲህ ያለው ጠብ ያሳፍራል፤ የሚጣሉት ሰዎች ግን ያንኑ ጸሎተ ሃይማኖት ይደግማሉ።

እርስዎ ያነሡት ሦስተኛው ዓይነት ነው፤ ቤተ ክርስቲያን ያስተማረችውን ምእመኑ፣ አንዳንዴም ጳጳሱ ሳይቀር፣ አለመቀበሉ። ይህን ሕመም ነው ብዬ ከመጥራት በቀር ሌላ ስም የለኝም። የአሜሪካውን አኃዝ ሳነብ መጀመሪያ «ሩቅ አገር ነው» ብዬ ነበር። ከዚያ በትምህርተ ክርስቶስ ክፍሌ ውስጥ ያሉትን አሥራ አራት ወጣቶች ወረቀት ሰጥቼ፣ ስም ሳይጽፉ፣ በቅዳሴ የምንቀበለው ምንድን ነው ብዬ ጠየቅሁ። ዘጠኙ «የክርስቶስ ሥጋ ምልክት» ብለው ጻፉ። እነዚህ ልጆች እሑድ እሑድ ተንበርክከው የሚቆርቡ፣ ቅዳሴ የማይቀሩ ናቸው። ያን ምሽት እንቅልፍ አልወሰደኝም፤ ለሁለት ዓመት ያስተማርኋቸው እኔ ነኝና። ከዚያ ወዲህ ሌላውን ትምህርት ሁሉ ወደ ጎን አድርጌ ሦስት ወር በዮሐንስ ወንጌል ምዕራፍ ስድስት ላይ ብቻ ቆይተናል።

ስለዚህ ለጥያቄዎ የምመልሰው እንዲህ ነው፦ የሕዝቡ ልብ ከትምህርቱ ሲርቅ ትምህርቱ ሁለት አይሆንም፤ ሕዝቡ ግን ይጎዳል። ልጆቹ «ምልክት» ብለው ቢጽፉም ስህተታቸውን የምለካበት የታወቀ ትምህርት ስላለ፣ «ይህ የኛ እምነት አይደለም» ብዬ ማስተካከል ችያለሁ። መለኪያው ባይኖር ኖሮ የነሱም የኔም አስተያየት እኩል ሆኖ በቀረ ነበር። በወረቀት ላይ ብቻ ያለ አንድነት ያሉትም ለዚህ ነው የሚያስፈልገው፤ እንደማይበቃ ግን ከልብ እስማማለሁ።

ፊዱቺያ ሱፕሊካንስን በተመለከተ፣ ሰነዱ ጋብቻ የአንድ ወንድና የአንዲት ሴት መሆኑን አልለወጥሁም ቢልም እኔን በግሌ ግራ አጋብቶኛል፤ የአፍሪካ ጳጳሳትን መልእክት ሳነብ እፎይ አልሁ። ነገር ግን አካሄዳቸውን ልብ ይበሉ። ካርዲናል አምቦንጎ ሮም ሄደው ከርዕሰ ሊቃነ ጳጳሳት ፍራንሲስ ጋር ተነጋግረው ነው መልእክቱን ያወጡት፤ በየቅዳሴያቸውም የርዕሰ ሊቃነ ጳጳሳቱን ስም መጥራት አላቆሙም። በአንጻሩ የሁለተኛውን የቫቲካን ጉባኤ ለውጦች የተቃወሙት ፈረንሳዊው ሊቀ ጳጳስ ሌፌብቭር እ.ኤ.አ. በ1988 ያለ ሮም ፈቃድ አራት ጳጳሳት ሲሾሙ ውግዘት ተከተለ፤ በአራቱ ላይ የነበረው የተነሣውም ከሃያ ዓመት በላይ ቆይቶ እ.ኤ.አ. በ2009 ነው። የ1870ውን ውሳኔ ያልተቀበሉትም ተለይተው «ብሉያን ካቶሊኮች» ተብለዋል። ስለዚህ ካቶሊኮች አይከፈሉም ማለት ስህተት ነው፤ ተከፍለናል፣ ወደፊትም ልንከፈል እንችላለን።

አንድ ነገር ብቻ ልለምንዎ። የኛን ምእመን ከናንተ የእምነት መግለጫ ጋር አያወዳድሩብን፤ እኔም የናንተን ጉባኤ ከኛ ካቴኪዝም (የሃይማኖት ትምህርት መጽሐፍ) ጋር አላወዳድርም። ሕዝብን ከሕዝብ፣ መጽሐፍን ከመጽሐፍ ማወዳደር ይሻላል። ጋሼም በዚያ በቡና ላይ ንግግራቸው የተሳሳቱት ይህን ስለዘነጉ ይመስለኛል።


የሕግ ተማሪ፣ ጅማ ዩኒቨርሲቲ፦

የመጨረሻውን ልመና ተቀብያለሁ፤ ትክክል ነው። በጥያቄዬ ላይ ግን ገና እቆማለሁ፤ ሳያምኑ አብረው የሚቆርቡ ሰዎች ያሉበትን ማዕድ ሙሉ አንድነት ብዬ ለመጥራት ኅሊናዬ አይፈቅድልኝም። የዘጠኙን ልጆች ነገር በግልጽ ስላካፈሉን ግን ለእርስዎ ያለኝ አክብሮት ጨምሯል።


መምህርት ከጅማ (ጠያቂ)፦

ሁላችሁንም ከልቤ አመሰግናለሁ። ትናንት መልሶቻችሁን በስልኬ ላይ ለጋሼ አነበብሁላቸው። ስለ ሁለቱ ሥርዓት የተጻፈውን ሲሰሙ ጥቂት ዝም ብለው ቆይተው፣ «‹በሥርዓትም› ያልሁትን አንሥቻለሁ፤ ‹በትምህርት› ያልሁትን ግን አላነሣም» አሉኝ። ስለ ዘጠኙ ልጆች ሳነብላቸው ደግሞ የራሳቸውን ልጆች አስታውሰው ይሁን ሌላ፣ ሲኒያቸውን አስቀምጠው ተነሡ። ዛሬ ጠዋት ግን ያ የትምህርተ ክርስቶስ መምህር በየትኛው ቁምስና እንደሚያስተምሩ እንድጠይቅላቸው ነገሩኝ።

ከኔ በኩል አንድ ትንሽ ጥያቄ ቀርታለች። ልጅዎ በላቲን ቁምስና ተጠምቃ በሕጉ ግን የግዕዝ ከሆነች፣ ስታድግ የትኛውን ጾም ነው የምትጾመው?


የእምድብር ልጅ፦

የላቲን ቤተ ክርስቲያን በዓለም አቀፍ ሕጓ የጾም ቀን ብላ የምታስገድደው ሁለት ቀን ብቻ ነው፤ እነሱም ዐቢይ ጾም የሚጀመርበት የዐመድ ረቡዕና ስቅለት ናቸው። የግዕዙ ጾም እጅግ ይበዛል። በሕጉ የምትቆጠረው በግዕዙ ስለሆነ በመርህ ደረጃ የምትከተለው የግዕዙን ነው። ከራሱ ሥርዓት ክልል ውጭ የሚኖር ሰው ግን ካለበት ቁምስና ጋር አብሮ መጾሙ የተፈቀደ ነው፤ ወላጆች ከሁለት ሥርዓት በሆኑበት ቤትም በአንዱ መስማማት ይችላሉ። በኛ ቤት እናቷ ረቡዕና ዓርብ ወተት ስለማታፈላ ነገሩ ከወዲሁ የተወሰነ ይመስላል።

ጋሼን በቁምስናችን ደስ ብሎኝ እቀበላቸዋለሁ፤ አድራሻውን በግል መልእክት ልኬልዎታለሁ። ትምህርቱ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ነው፤ አሁን ምዕራፍ ስድስት ቁጥር 52 ላይ ደርሰናል።